የሐሙስ ጀልባ

ደሳለኝ መሞቱን ከሰማሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ለሚስቱ ለገነት ግን በወቅቱ አልነገርኳትም። ይህን ስትሰሙ ፊታችሁን እንደምታጨማድዱ አውቃለሁ። አጨማድዱ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ይሻው እባላለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ቪዲዮ ቤት አለኝ። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው ረጃጅም አግዳሚ ነው። ዛሬ ዛሬ የምኖረው በኳስ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጎረምሳው ይሞላዋል፣ ይጮሃል፣ ይሳደባል፣ አግዳሚዬን ሰብሮ ይሄዳል። ድሮ ግን የህንድ ፊልም ቤት ነበር። ደሳለኝ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ማይክ ይዞ፣ ህንዶቹ የሚሉትን በአማርኛ ይነግረናል። ሙሽራዋንም፣ አማቷንም፣ ወንበዴውንም የሚሆነው እሱው ነው። እናት ሆኖ ሲያለቅስ ያላለቀሰ ሰው አላየሁም።

እውነቱን ልናገርና፣ ደሳለኝ ህንድኛ አያውቅም ነበር። አንዲት ቃል አያውቅም። ይህን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። ፊልሙን ሁለት ሦስት ጊዜ ዝም ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ "ገባኝ" ይላል። ምን እንደገባው እግዜር ይወቅ። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ቤቱ ሙሉ ነበር።

ከሁሉም በልጦ የሚወደደው አንድ ፊልም ነበር። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ ከተማው "ጀልባው" ይለዋል። አንድ ሰው ለሥራ ብሎ ከአገሩ ይወጣና ብዙ ዘመን ይቆያል። ጸጉሩ ሸብቶ ሲመለስ ከመንደሩ በፊት ሰፊ ወንዝ ያገኛል። ጀልባ ቀዛፊው ሽማግሌ አፍጥጦ ያየውና አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል። "አንተ ሰው፣ በእውነት የምትፈልገው ምንድን ነው?" ይላል በደሳለኝ ድምፅ። የሚዋሽ ሰው ከተሳፈረ ጀልባው አይንቀሳቀስም። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ብዙ ይቆያል፤ ከዚያ "ቤቴ መግባት" ይላል። ጀልባው ንቅንቅ ይላል። ማዶ ሚስቱ ፋኖስ ይዛ ቆማለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ክረምት ገብቶ ጉና በጉም ሲሸፈን፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ልጅ የታመመበትም እህሉ በበረዶ የተመታበትም እየመጣ "እባክህ ጀልባውን ክፈትልን" ይለኝ ነበር። አይቶት ሲወጣ ፊቱ ይፈታል።

በ1992 ዓ.ም. ክረምት ደሳለኝ ትረካውን እዚያው የፊልሙ ካሴት ላይ ቀዳልን። ያን ቀን ኃይለኛ ዝናብ ስለነበር ከድምፁ ኋላ የቆርቆሮው ድብደባ ይሰማል። "እኔ ባልኖርም ሰው እንዳይቀርበት" ነበር ያለኝ። ሃያ አምስት ዓመት አልሞላውም ያኔ፤ እንዲያው ለመናገር ያህል ነው የተናገረው።

በኋላ በየቤቱ የሳተላይት ሳህን ተተከለና የህንድ ፊልም በትርጉም መምጣት ጀመረ። ደሳለኝ ሥራ ፈታ። በ2010 መስከረም "ሰሊጥ አጭጄ ለሁለት ወር እመጣለሁ" ብሎ ወደ መተማ ወረደ። ሁለቱ ወር ዓመት ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አለሙ የሚባል የጋይንት ሰው ሱቅ ሱቁን እየጠየቀ መጣና በሬ ላይ ቆመ። ከደሳለኝ ጋር አብሮ ያጭድ ነበር። ወባ በሦስት ቀን እንደጣለው፣ በመጨረሻው ሌሊት ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሲለፈልፍ እንዳደረ፣ እዚያው ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን እንደቀበሩት ነገረኝ። የእጅ ሰዓቱን ሰጠኝ። "አደራ፣ ሽማግሌ ይዘህ መርዶውን በወጉ ንገራት" ብሎኝ መኪና እንዳያመልጠው ሮጠ።

መርዶ ብቻውን የሚናገር ሰው የለም፤ ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዘመድ ይሰበሰባል፣ የንስሐ አባት ይጠራል፣ ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። እስከዚያ የሰማ ሰው አፉን ይዘጋል። እኔም ዘጋሁ። መጀመሪያ ጾመ ነቢያት ነው ብዬ አሳለፍኩት፤ ከዚያ ገና ነው፣ ጥምቀት ነው አልኩ፤ በበዓል መርዶ ነውር ነው። ከዚያ ልጇ ትዝታ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነበረባት። ልጅቱ አለፈችና ባሕር ዳር ሄደች፤ እኔ ደግሞ መንገድ ተዘጋ አልኩ። መንገዱ ተከፈተ። ሰዓቱን ካሴቶቹ ባሉበት ካርቶን ውስጥ ከታች አድርጌ፣ አይኔን በጨው አጥቤ ተቀመጥኩ።

ምክንያቱ ይሄ ሁሉ አይደለም። ገነት በየሐሙሱ ትመጣ ነበር።

ገነት ከገበያው ዳር የበግ ጸጉር ባና ትሸጣለች፤ ጉና ላይ የሚለበሰውን ወፍራሙን ብርድ ልብስ። ደሳለኝ ከሄደ ጀምሮ ሐሙስ ከሰዓት፣ ኳስ በሌለበት፣ ባናዋን አጣጥፋ ትመጣለች። "አያ ይሻው፣ ድምፁን ልስማ" ትላለች። ሁለተኛው አግዳሚ ዳር ላይ ትቀመጣለች። እኔ ጀልባውን እከፍታለሁ፣ ከጀርባዋ እቀመጣለሁ። ያ ሰው "ቤቴ መግባት" ሲል በነጠላዋ ጫፍ አይኗን ጠረግ ታደርግና ትስቃለች። ሚስት የለኝም፤ ልጅ የለኝም። ሐሙስ ነበረኝ። እወዳታለሁ፤ ይኸው ተናገርኩት። መርዶዋን ከሰማች ጥቁር ትለብሳለች፣ ቤቷ ትገባለች፤ የሞተ ሰው ድምፅ ልትሰማ ደግሞ ማን ይመጣል?

ነገሩ የተበላሸው አምና በነሐሴ ነው። ያን ሐሙስ ብርዱ ስለጸና ገነት ብቻዋን አልነበረችም። ጎረቤቴ ባለሱቋ ዘምዘም ልጇን ነጂብን ሱቁ ላይ አስቀምጣ መጥታለች። ዘምዘምን የሚያውቅ ሁሉ ምኞቷን ያውቃል፤ ባሕር ዳር ላይ ትልቅ ሱቅ መክፈት ነው፣ ጠዋት ማታ የምታወራው እሱኑ ነው። ጀልባው ደረሰ። ቀዛፊው ጠየቀ። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ደሳለኝ፣ ሺህ ጊዜ የሰማሁትን በመናገር ፈንታ፣

"ሱቄን ዘግቼ አንድ ቀን ሙሉ መተኛት። ማንም ሳይቀሰቅሰኝ" አለ።

ጀልባው ንቅንቅ አለ። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ዘምዘም ፊቷ አመድ መስሏል። "ቢስሚላህ! ይሄ ሰው የልቤን በየት ሰማው?" ብላ ሻሿን ሰብስባ ወጣች። በማግስቱ ሱቋ ተዘግቶ ዋለ። ነጂብን "እናትህ የት አለች?" ብለው "ተኝታለች" አለኝ። ቅዳሜ ስትከፍት አሥር ዓመት የቀነሰች ትመስል ነበር።

ካሴቱን ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። "ቤቴ መግባት" ይላል። ጆሮዬ ነው አልኩ።

ወሬ መቼ ይቀመጣል? በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ወርቁ ከጉና ግርጌ በበቅሎ መጡ። ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በአንድ ማሳ ሲካሰሱ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አንድ ጠዋት እንኳ እንደምን አደርክ ተባብለው አያውቁም።

"ይሻው፣ እንግዲህ እኔ የምፈልገው ያንን ማሳ ነው፤ እስቲ ይንገረኝ" አሉ እያሾፉ።

"ጋሽ ወርቁ፣ ይሄ እኮ የጠንቋይ ቤት አይደለም። ፊልም አይተው ይሄዳሉ" አልኳቸው።

ጀልባው ላይ ሲደርስ ደሳለኝ ተናገረ። "ከወንድሜ ጋር ድንች ቆፍረን፣ እዚያው ማሳው ዳር ጠብሰን መብላት" አለ። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት። ያ ሁሉ ሰው እያየ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ክሱን በሳምንቱ አነሱት።

ሰው ደስ አለው። በየሐሙሱ ቤቱ መሙላት ጀመረ። እኔ ግን ፈራሁ፤ ፍርሃቴም ሌላ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀልባው ሊደርስ ሲል ተነስቼ እወጣለሁ። ውሃ ሽንት ነው እላለሁ፣ ጀኔሬተሩን ልየው እላለሁ። ጓሮ ጉም ውስጥ ቆሜ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። እኔ የምፈልገውን አውቀዋለሁ፤ ሰው ፊት እንዲነገርብኝ አልፈልግም።

ኮምፒውተር ቤት ወስጄ ካሴቱን ወደ ፍላሽ አስገለበጥኩ። ወንዙ ጋ ሲደርስ ፍላሹ ላይ የውሃው ድምፅ ብቻ አለ፤ ደሳለኝ የለም። የኮምፒውተር ቤቱ ልጅ "ችግሩ የካሴት ማጫወቻው ዴክ ነው" አለኝ። ዴኩን ፈትቼ ጠረግሁት። ደግሞ ድምፁ እየተለወጠ ነበር። ከኋላ የነበረው ዝናብ የለም፤ በዝናቡ ቦታ እንደ ጭድ ነገር ይንሿሿል። ሲናገርም ቃሉን ይቆራርጠዋል። ሰው ሁሉ ካሴቱ አርጅቶ ነው አለ። አዎ፣ አርጅቷል አልኩ።

መቼም ጭንቅ አይጣል ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሚያስተምር አንድ ህንዳዊ አለ፤ ከዘምዘም ሱቅ ሩዝና ምስር ይገዛል። ለምኜ አመጣሁት። አማርኛው ጥቂት ነው። አንድ ጠዋት ለሁለት ተቀመጥንና ወንዙ ጋ ሲደርስ፣ እንደ ልማዴ ልወጣ ስል እጄን ያዘኝ። ደሳለኝ ያን ጠዋት አልተናገረም፤ ሲተነፍስ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከስሩ የህንዶቹ ድምፅ በደንብ ይሰማ ነበር።

"ምንድን ነው የጠየቀው?" አልኩት።

"ባለ ጀልባ?" አለ መምህሩ። "'ስንት ናችሁ?' አለ።"

"ብቻ?"

"ብቻ። ትንሽ ጀልባ ነው፣ መቁጠር አለበት። ሰውየው 'ብቻዬን ነኝ' አለ።"

ሳቄ መጣ። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ እንባ፣ ሽማግሌው ተሳፋሪ እየቆጠረ ኖሯል! በእውነት የምትፈልገው ምንድን ነው የሚለው የደሳለኝ የራሱ ጥያቄ ነው። መምህሩ ግን አልሳቀም። ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብሎ ጆሮውን አዘነበለ።

"ይሄ በማይክ ያለው ሰው ታሟል?" አለኝ። "ጥርሱ ድምፅ ያሰማል። በጣም በርዶታል።"

እኔም ሰማሁት። ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር።

ካሴቱን ላቃጥለው አሰብኩ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ቤቱን ዘጋሁና ዴኩ ተበላሸ ብዬ አስወራሁ። ሁለት ሐሙስ አለፈ። በሦስተኛው ገነት መጥታ በሩን አንኳኳች። ጉሙ ዳገቱን ሞልቶት ከወገቧ በታች አትታይም ነበር።

"ተበላሽቷል ገነት" አልኳት በሩን ገርበብ አድርጌ።

"አልተበላሸም" አለች። "አያ ይሻው፣ ለሁሉም ሰው ተናገረ። ለዘምዘም ተናገረ፣ ለጋሽ ወርቁ ተናገረ። ባሌ ነው፤ ለእኔ አንድም ቀን አልተናገረም። ሰው ስለሚበዛ ይሆናል። ዛሬ ለብቻዬ ክፈትልኝ።"

"ምን እንዲልሽ ነው?"

"እኔ የምፈልገው እሱ እንዲመጣ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። ግን እንደዚያ መሆኑን እንጃ። ሌሊት ሌሊት የምፈልገው ሌላ ነገር እየመሰለኝ እነቃለሁ። ምን እንደሆነ ይንገረኝ።"

ምን ብዬ ልከልክላት? ከፈትኩላት። ቦታዋ ላይ ተቀመጠች፤ ያልተሸጠ ባና ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። እኔ ከኋላ ነኝ። ሰውየው አገሩን ለቀቀ፣ ከተማ ገባ፣ አረጀ። ወንዙ ሲታይ ብድግ አልኩ።

"አትውጣ" አለች ሳትዞር። "ሁልጊዜ እዚህ ጋ ትወጣለህ። ዛሬ ፈርቻለሁ፣ አጠገቤ ሁን።"

አንድ ቀን እንኳ "አጠገቤ ሁን" ብላኝ አታውቅም። ሄጄ እዚያው አግዳሚ ላይ፣ አንድ ክንድ ያህል ርቄ ተቀመጥኩ። ቀዛፊው አፈጠጠ። "አንተ ሰው" አለ ደሳለኝ፤ ድምፁ ቅርብ ነበር፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ባዶው በርጩማ ላይ ያለ ያህል። "አንተ ሰው፣ በእውነት የምትፈልገው ምንድን ነው?"

ሰውየው አንገቱን ደፋ። ጥርስ ተንገጫገጨ። ከዚያ፣

"ገነት የደሳለኝን ሞት እንዳትሰማ" አለ። "ከሰማች ሐሙስ አትመጣም።"

ለአንድ አፍታ "አይንቀሳቀስ፣ ውሸት ይሁን፣ አይንቀሳቀስ" ብዬ ለመንኩ። ጀልባው ንቅንቅ አለ፤ ወንዙን እያቋረጠ ቀስ ብሎ ሄደ። ማዶ ሴትየዋ ፋኖሷን ይዛ ቆማለች።

ገነት ፊልሙ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም። ስክሪኑ ሰማያዊ ሲሆን ዞረች። የምትጮህ፣ የምትቧጭረኝ መስሎኝ ነበር።

"መቼ ነው?" አለች።

"ስድስት ዓመት... ሰባት ሊሆነው ነው።"

"በምን?"

"በወባ። መተማ፣ ገብርኤል ነው ያረፈው።" ተነስቼ ከካርቶኑ ስር ሰዓቱን አወጣሁና እጇ ላይ አኖርኩት። ቆሟል። በአውራ ጣቷ መስታወቱን ጠረገችው፤ ደጋግማ ጠረገችው።

"አሁን አወቅሁት" አለች። "ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ማልቀስ ነው። እኔ የምፈልገው ማልቀስ ነበር። ሰው ሁሉ 'ይመጣል' እያለኝ በምን አፌ ላልቅስ? የሰው ለቅሶ ቤት ሄጄ እንኳ ለራሴ እንዳይሆን አፌን እይዝ ነበር። አንተ ግን ታውቅ ነበር። እዚህ ከጀርባዬ ተቀምጠህ ታውቅ ነበር።"

"ገነትዬ..."

"ስሜን አትጥራ።" ሰዓቱን መልሳ እጄ ላይ አኖረችው። ጣቶቿ በረዶ ነበሩ። "ዛሬ ምንም አልሰማሁም። የባሌን መርዶ እንደ ውሻ ሞት በቴሌቪዥን አልረዳም። ነገ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ይዘህ፣ የንስሐ አባቴን ይዘህ ና። በወጉ ንገረኝ። የምትናገረው ግን አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው እንዳታስቀድም።" ባናዋን ሰብስባ ጉሙ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ ዓርብ ጨለማው ሳይገፈፍ ስምንት ሆነን ሄድን። ጋሽ ወርቁ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ዘምዘም ሻሿን ጠምጥማ፣ የንስሐ አባቷ መስቀላቸውን ይዘው መጡ፤ ትዝታም በሌሊት ስልክ ተደውሎላት ባሕር ዳር ለመጀመሪያው መኪና ተሰልፋለች። አንኳኳን። ገነት ከፈተች። ጸጉሯን አበጥራለች፤ ቤቷ ተጠርጓል፤ መደቡ ላይ ለለቀስተኛ የሚሆን ባና ተነጥፏል። አየችንና፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ "በደህና ነው በዚህ ሰዓት? ምን ሆናችሁ?" አለች። ድምጿ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እሷ አይኔን እያየች ጠበቀችኝ፤ ስድስት ዓመት የጠበቀች ሴት አሁንም ጠበቀችኝ።

"ደሳለኝ አርፏል" አልኩ።

ከእሷ የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ነጠላዋን ጥላ፣ ደረቷን እየመታች፣ "ወየው! ወየው ደሳለኜ!" ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ጎረቤት በየበሩ መብራት አበራ። ለሦስት ቀን አለቀሰች። በሦስተኛው ቀን ዘምዘም "እንባዋ ወጣላት፤ ትናንት እኮ በላች፣ ተኛችም" አለችኝ። እኔ ከድንኳኑ ውጭ አግዳሚ ሳመላልስ ሰነበትኩ። አግዳሚዎቹ የእኔ ነበሩ። እሷ አንድ ጊዜም ቀና ብላ አላየችኝም።

ሐሙስ መጣ። ገበያው ዳር ገነት ጥቁር ለብሳ ባናዋን ስትሸጥ፣ ከአንዲት ገዢ ጋር ስትከራከር፣ ፈገግ ስትል ከሩቅ አየሁ። ወደ ዳገቱ አልተመለከተችም። ከሰዓት በኋላ ቤቱን ከፈትኩ፤ ማንም አልመጣም። ሰው ሁሉ ሰምቷል። ካሴቱን አስገባሁ። የፈለገውን ይበል፣ ከዚህ በኋላ የምደብቀው የለም፤ ድምፁን ብቻ ይስጠኝ ብዬ ነው።

ደሳለኝ የለም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የለም፤ ዝናቡም፣ ጭዱም፣ ጥርሱም የለም። ህንዶቹ በገዛ ቋንቋቸው ያወራሉ። ወንዙ መጣ። ሽማግሌው ቀና ብሎ አፈጠጠ። ሰውየውን አልነበረም የሚያየው፤ አሻግሮ ወደ አግዳሚዎቹ ነበር የሚያየው። በህንድኛ ጠየቀኝ። አንድ ቃል የማላውቅ ሰው፣ አሁን ግን ምን እንዳለ አውቃለሁ።

አንዱን አግዳሚ አየሁ፣ ሁለተኛውንም አየሁ፣ ዳር ላይ የእሷን ቦታ አየሁ።

"ብቻዬን ነኝ" አልኩት።